ጨረር ያልነካው ሠርግ

አቶ ፍላሽ ካሜራውን ለአየር መንገድ የሚያስረክብ ሰው አይደለም። «ካሜራውን ለሻንጣ ጫኝ የሚሰጥ ፎቶ አንሺ ልጁንም ለመንገደኛ ይሰጣል» ይላል። አባባሉ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ የራሱ መሆኑን ለመናገር አያፍርም። ስለዚህ ከሚስቱ ታናሽ እኅት ሠርግ ሲመለስ ያለ የሌለ ዕቃውን በእጅ በሚያዝ ቦርሳ አጨቀው። ሚዛኑ እንዳያጋልጠው ደግሞ ሁለቱን ከባድ ሌንሶች በኮቱ ኪስ ከተተ፤ ትርፍ ባትሪዎቹን በሚስቱ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ወሸቀ። በዚያ ወበቅ ኮት ደርቦ፣ ግራና ቀኙ አብጦ ሲራመድ ላየው ሰው ዕቃ ሰርቆ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ሚስቱ ከኋላው ትከተለዋለች። ስለ ኮቱም ስለ ባትሪውም አልተከራከረችውም፤ ልቧ ሌላ ቦታ ነው። ትናንት እርሷና ሙሽራይቱ አባታቸውን ከአልጋ አንሥተው፣ ሱፍ አልብሰው፣ በግራና በቀኝ ደግፈው አቁመዋቸው ነበር። ሽማግሌው ከታመሙ ወዲህ በእግራቸው ሲቆሙ ያ የመጀመሪያው ነው። የመጨረሻውም ሊሆን እንደሚችል ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም። ያንን በፎቶ ያነሣው አቶ ፍላሽ ብቻ ነው። ሠርጉ ሲጀመር በሩ ላይ ቆሞ «ስልኩን አውጥቶ ፎቶዬ ውስጥ የሚገተር ሰው እንዳላይ! ሥራዬን እንዳታበላሹብኝ!» ብሎ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ስልኩን ኪሱ አስከትቶታል።

እንግዲህ ሠርጉ በሙሉ ያለው ካሜራው ውስጥ፣ ጥፍር በምታህል ሚሞሪ ላይ ነው። የሚስቱ ወንድም «ኮምፒውተሬ ላይ እንገልብጠው እንጂ፣ አንድ ቦታ ብቻ ምን ያስቀምጠዋል?» ብሎት ነበር። «በማንም ኮምፒውተር አላስነካም፤ ቫይረስ ልታስገባብኝ ነው?» ብሎ አሳፈረው።

አይሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ጋ ሲደርሱ ጉድ ፈላ። ፈታሹ «ኮት፣ ቀበቶ፣ ቦርሳ፣ ሁሉንም ሣጥኑ ውስጥ» አለ። ኮቱ ፕላስቲኩ ሣጥን ላይ ሲያርፍ ድንጋይ የወደቀ ያህል ጮኸ፤ ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየ። አቶ ፍላሽ ግን ካሜራውን ደረቱ ላይ እንደለጠፈ ቀረ።

«ይኼ በማሽኑ አያልፍም።»

«ለምን፣ ጌታዬ?»

«ጨረሩ ፎቶውን ይበላዋላ!»

«ሁሉም ያሳልፋል እኮ። እስካሁን አልበላብንም።»

«ወንድሜ፣ አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ ፎቶ አንሺው?»

ጨረር የሚያሰጋው የድሮውን ፊልም ነው። የአቶ ፍላሽ ካሜራ ፊልም የሚባል ነገር ገብቶበት አያውቅም። እርሱ ግን የድሮ ፎቶ አንሺዎች ሲያወሩ ሰምቷል፣ የሰማውን ይዞ ሙጭጭ ብሏል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኸው ነው። ከኋላ ያሉት መንገደኞች «ኧረ በፈጣሪ፣ አይሮፕላን ሊያመልጠን ነው!» እያሉ ማጉረምረም ሲጀምሩ የፈታሾቹ ኃላፊ መጣ።

«ይሁን፣ በእጅ ይፈተሽ። መሥራቱን ግን አብርተው ያሳዩን» አለው በትሕትና።

አቶ ፍላሽ በድል አድራጊነት ሚስቱን ዞር ብሎ አያት። ካሜራውን አበራ፣ ዓይኑ ላይ ደገነው። ከፊቱ ኃላፊውና ሦስት ፈታሾች ተደርድረዋል። አቶ ፍላሽ ደግሞ የተደረደረ ሰው ካየ አመሉ አያስቀምጠውም።

«ጠጋ ጠጋ በሉ! አንተ ረጅሙ፣ ከኋላ! ፈገግ!»

ቀጭ አደረገው። ብልጭታው አዳራሹን ሞላው።

የኃላፊው ትሕትና እዚያው ላይ አለቀ። ከራሱ በላይ የተሰቀለውን ትልቅ ማስታወቂያ በጣቱ አሳየው። «እዚህ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው! አሁኑኑ ያጥፉት፣ ዓይኔ እያየ!»

«ቀስ በል» አለች ሚስቱ፣ «አንዷን ብቻ ነው።»

ቀስ የሚልበት ቀልብ የት አለ? ላብ አጠመቀው። አቶ ፍላሽ አንድ ፎቶ ለብቻ አጥፍቶ አያውቅም፤ «እኔ የሚጠፋ ፎቶ አላነሣም» ባይ ነው። የሚያውቀው፣ ሠርግ በሄደ ቁጥር ከቤት ሳይወጣ ሚሞሪውን ሙልጭ አድርጎ ማጽዳት ነው። ጣቱ ያንን መንገድ በጨለማም አይስተውም። አሁንም ሳያስበው በዚያው መንገድ ሄደ፤ ካሜራው «ሁሉም ይጥፋ?» ብሎ ሲጠይቀው እሺ አለ።

የካሜራው መስኮት ላይ «ምንም ፎቶ የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«እናመሰግናለን፤ መልካም ጉዞ» አለ ኃላፊው።

አቶ ፍላሽ ክው ብሎ ቀረ። ሚስቱ ካሜራውን ከእጁ ወስዳ አየችው፤ ቁልፉን ደጋግማ ተጫነችው።

«አባዬስ?» አለች።

«ኮምፒውተር ጠጋኝ የጠፋውን ያወጣው ይሆናል… ላይሆንም ይችላል» አለ አቶ ፍላሽ።

አልጮኸችበትም። ካሜራውን መለሰችለት። ያኔ ስልኳ ጠራ፤ ሙሽራይቱ ናት።

«እታለም፣ አለፋችሁ? ባልሽን የአባዬን ፎቶ አስቀድሞ ይላክልኝ በይው። ከነቃ ጀምሮ አሳዩኝ እያለ ነው፤ እኔ መቆሜን ራሴ ልየው ይላል።»

ሚስቱ ስልኩን ለባሏ ዘረጋችለት። «ንገራት።»

አቶ ፍላሽ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምን መሰለሽ… እዚህ ማሽን አለ። ጨረሩ ኃይለኛ ነው፣ ፎቶውን…»

ዓይኑን በጨው አጥቦ! ሚስቱ ስልኩን ነጠቀችው።

«ማሽን አይደለም» አለቻት እኅቷን፣ «ባሌ ነው። በገዛ እጁ አጠፋው።»

ከወዲያ በኩል ለቅሶ ተሰማ።

«አታልቅሺ፣ አባዬ ይሰማሻል። ሱፉን አልብሱት። መጣሁ።»

«አይሮፕላኑስ?»

«ይሂድ።»

አቶ ፍላሽ ቀበቶውን በአንድ እጁ፣ ቦርሳውን በሌላው አንጠልጥሎ ተከተላት። «ቆይ እንጂ፣ አብረን እንሂድ! ብርሃኑንስ ማን ያስተካክልልሻል?»

«አንተ ተሳፈር፤ ዕቃህን ሰው እንዳይነካብህ።»

ስልኳን በእጇ እንደያዘች ሰልፉን በተቃራኒ እየሰነጠቀች ወደ መውጫው ገሰገሰች። አባቷ ዛሬም ይቆሙ አይቆሙ አታውቅም። መቆም ካቃታቸው ተኝተውም ቢሆን በስልኳ ታነሣቸዋለች።