ለአንድ ቤት አንድ ሠልጣኝ

ታላቂቱ ታናሿን «ሙጫ» ነው የምትላት። ታላቂቱ ጸጉሯን ስታሳጥር ሙጫ ታሳጥራለች፤ ጫማ ስትገዛ ያንኑ ጫማ ካልገዛሁ ብላ እናቷን መቆሚያ መቀመጫ ታሳጣለች። ይህስ ይሁን። ጭራሽ ያልተዋጠላት፣ መንግሥት ለወጣቶች በነጻ ለሚሰጠው የስፌት ማሽን ጥገና ሥልጠና ባመለከተች በሦስተኛው ቀን ሙጫም ያንኑ ፎርም ሞልታ መምጣቷ ነው።

«መርፌ ላይ ክር ማስገባት የማትችይው ልጅ ማሽን ልትጠግኚ?» አለቻት።

«ለመማር አይደል እንዴ የሚኬደው፣ እታለም?»

መልሱ ልክ ነበር፤ አንጀቷን ያሳረራትም ልክ መሆኑ ነው። ቀናች፤ ለነገሩ ሌላ ስም ማውጣት አያስፈልግም። እሷ ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ አጎታቸው ልብስ ስፌት ቤት ውላለች። ሦስቱን አሮጌ ማሽኖች የምትፈታው፣ የምትገጥመው፣ ዘይት የምታጠጣው እሷ ናት። ወረቀት ግን የላትም፤ ፋብሪካዎቹ ደግሞ ያለ ወረቀት በር አይከፍቱም። ለሥልጠናው የሚፈቀደው ዕድሜ እስከ ሃያ ስምንት ነው። እሷ በአራት ወር ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ይሞላታል፤ ዘንድሮ ካመለጣት አመለጣት። ሙጫ ገና ሃያ ዓመቷ ነው።

ማስታወቂያውን በቃሏ ትወጣዋለች። ከአንድ ቤት አንድ ሰው፤ ደመወዝተኛ አይገባም፤ ዘመድ ቤት በነጻ የሚሠራ እንደ ሥራ አጥ ይቆጠራል፤ እኩል ሲሆኑ ቅድሚያ ለታላቅ። ለእሷ በልኳ የተሰፋ ሕግ ነበር። አጎቷ ምሳዋን እንጂ ደመወዝ ሰጥቷት አያውቅምና ፎርሙ ላይ «ደመወዝ የለኝም» ብላ ጻፈች። ቤት ውስጥ ግን ሱሪ ስታሳጥር ደንበኞች የሚያስጨብጧትን ጉርሻ ይዛ «ደመወዜ» ስትል ነው የኖረችው፤ በተለይ ሙጫ ፊት።

መዝጋቢው ሊያጣራ ስፌት ቤቱ ድረስ መጣ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ረጋ ያለ ሰው ነው። አጎትየው ቁልፍ ሊገዛ ወጥቷል። ሙጫ እንደ ልማዷ እዚያው ተለጥፋለች።

«አንቺ ሥራ አለሽ?» አላት ሙጫን።

«እሷ?» አለች ታላቂቱ ቀድማ። «እሷ እኮ ከአልጋ መውረዱንም እንደ ሥራ ነው የምትቆጥረው፣ ጋሼ።»

ሰውየው ፈገግ ብሎ «ሥራ የላትም» ብሎ ጻፈ። ወደ ታላቂቱ ዞረ።

«አንቺም ደመወዝ የለኝም ብለሻል። ልክ ነው?»

ሙጫ ቀና አለች። «ደመወዝ የለኝም ብለሻል?» አለች። «እታለም፣ አጎቴ አይከፍልሽም እንዴ?»

የሹፈት አልነበረም፤ ከልቧ ገርሟት ነው። ለታላቂቱ ግን ያ መገረም ከስድብ ባሰባት። አሥራ ሦስት ዓመት በነጻ ስትለፋ መኖሯን ሙጫ ታውቅ? ከዚያ በኋላ በየትኛው አፏ ትቆጣታለች?

«ተሳስቼ ነው የጻፍኩት» አለች። «ይከፍለኛል፤ በየወሩ።»

ሰውየው መነጽሩን አወረደ። «አስቢበት፣ ልጄ። ባይከፍልሽ ቅድሚያው ያንቺ ነበር።»

«ምን አስባለሁ፣ ጋሼ? በነጻ የሚያሠሩኝ ሞኝ እመስላለሁ?»

ስሟ ላይ መስመር አሰመረበት። እሱ ከበሩ ሳይርቅ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች፤ ግን ሙጫ አጠገቧ ነበረችና ሮጣ አልጠራችውም።

ሥልጠናው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ሙጫ የተሰጣትን ሰማያዊ ቱታ ይዛ መጣች። ሰፍቷታል። «አጥብቢልኝ» ብላ ጥላው ሄደች።

ታላቂቱ ብቻዋን ስትቀር በሩን ገርበብ አድርጋ ቱታውን ለበሰችው። እጅጌው አንጓዋ ላይ አረፈ፤ ትከሻው ልክክ አለ። ደንበኞች የሚለኩበት መስታወት ፊት ብዙ ቆመች። ከዚያ አወለቀችውና እጅጌውን አራት ጣት ቆረጠችው፤ ጎንና ጎኑን አስገባች፤ ተኮሰችው።

ሙጫ ማታ መጥታ ስትለካው ልኳ ሆኗል። ቦርሳዋን ከፈተች። «ስንት ነው፣ እታለም? እንደ ደንበኛ ልክፈልሽ።»

«ተይው» አለች ታላቂቱ፣ የተቆረጠውን የእጅጌ ቁራጭ ከወለሉ እያነሳች። «እኔ ደመወዝ አለኝ።»