ከኋላ የሚመጣ ኮቴ

ውዴ ወንድሟን ዳንግላ መናኸሪያ ስትቀበለው መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ከቀኝ ጆሮው ጀርባ በተለጠፈችው ጥቁር ነገር ላይ ነበር። አገላብጣ ሳመችውና ወዲያው አፏን እዚያች ነገር ላይ ደግና፣ ስልክ እንደሚያነሣ ሰው፣ "ሃሎ! ይሰማል?" ብላ ጮኸችበት።

እንየው ዘሎ ሸሸ።

"ምነው? በላሁህ እንዴ!"

"ቀስ ብለሽ፣ ፊት ለፊቴ ቆመሽ አውሪኝ። መስማቱን እሰማለሁ። ግን የሚመጣልኝ ያንቺ ድምፅ አይደለም፤ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ሲንሿሿ ነው።"

"እሰይ! ሁለት ዓመት ሙሉ የተሳልኩት ለቆርቆሮ ነው?" አለችና ሳቀች። ሳቋንም ያወቀው ከጥርሷ ነው፤ በጆሮው የገባው ያው ጠጠር ነበር።

እንየው ለሁለተኛ ዲግሪ ህንድ ሄዶ ሳለ ማጅራት ገትር ያዘው። ነፍሱ ተረፈች፤ ሁለቱ ጆሮዎቹ ግን ጭው ብለው ቀሩ። አባቱ ገብረ ማርያም ሲሞቱ መርዶውን ያነበበው ከስልክ ላይ ነው። ትምህርቱን በወረቀት እየተጻጻፈ ጨረሰ። ከዚያ ሐኪሞች ከጆሮው ጀርባ፣ ከቆዳው ሥር ትንሽ መሣሪያ ቀበሩለት፤ ቁስሉ ሲሽር ከውጭ በማግኔት የምትለጠፈውን ጥቁር ነገር አገናኝተው ድምፁን ከፈቱለት። ይህ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። "አእምሮህ እንደ ሕፃን እንደገና መስማት ይማራል፤ ታገሠው" አሉት። "ጭንቅላትህን ደግሞ ከምት ጠብቅ።"

እሱ ግን መታገሥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማመንም አይሆንለትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ቢሆንም፣ እንየው በራሱ ላይ የደረሰ መሰለው።

የአባቱ አገር እንጅባራ ሲገባ ሌላ ነገር ጠበቀው። አባቱ በፈረሰኞች ማኅበር ውስጥ፣ በየዓመቱ ጥር ሃያ ሦስት በሚከበረው በዓል፣ በጉግስ የሚሰለፉበት ቦታ ነበራቸው። ከሞቱ ወዲህ ሁለት ጥር ባዶውን አልፏል። በማኅበሩ ደንብ በሦስተኛው ጥር ከቤቱ ጋላቢ ካልወጣ ቦታው ለሌላ ቤት ይሰጣል። እንየው ከመታመሙ በፊት ከአባቱ ጎን የጋለበ ልጅ ነው፤ የአባቱ ዳማ ፈረስም ገና ጉልበት አለው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሼ አስማረ ግን አንገታቸውን ነቀነቁ።

"በጉግስ ዘንግ ወርዋሪው ከኋላ ነው የሚመጣው፣ ልጄ። ኮቴውን ሳትሰማ ጋሻህን መቼ ታነሣለህ? ዞረህ እያየህ ብትጋልብ ደግሞ ከፊትህ ያለውን ትረግጣለህ።"

"ብሰማስ?"

ጋሼ አስማረ ያቺን ጥቁር ነገር ትክ ብለው አዩ። "ጥር ሃያ ሜዳው ላይ እናየዋለን። እውነት ከሰማህ፣ ጥር ሃያ ሦስት ከማኅበሩ ጋር ትወጣለህ።"

ልምምዱን ከአብሮ አደጉ ከመሳፍንት ጋር ያዘው። መሳፍንት ባጃጅ ነጂ ነው፤ እሑድ እሑድ ግን ፈረሰኛ።

"አንተ ፕሮፌሰር" አለው፣ "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብህ። ሰው ጋለበ ብለህ ነው?"

"አንተ ዝም ብለህ ጋልብ።"

እንየው ጀርባውን ሰጥቶ ሜዳው ላይ ይቀመጣል፤ መሳፍንት ከኋላው ይመጣል፤ ሃያ እርምጃ ሲቀረው እንየው እጁን ማንሣት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነፋሱም፣ የመንገዱ መኪናም፣ ፈረሱም አንድ ላይ የሚፈጭ ወፍጮ ሆኑበት። ፈረሱ አልፎት ከሄደ በኋላ እጁን እያነሣ መሳፍንትን በሳቅ ገደለው።

ሰው ሲያወራ አሁንም ቆርቆሮ ነው፤ ዘፈን ጭራሽ ጫጫታ ነው። ከገና በኋላ ግን ከጫጫታው ውስጥ አንድ ነገር ብቅ አለ፦ ምት። የሚራመድ፣ የሚሰግርና ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ኮቴ ተለያየለት። እንየው ደስ ሊለው ሲገባ ጥርጣሬ ያዘው። መሬቱ እየተንቀጠቀጠ በእግሬ በኩል እየነገረኝ ቢሆንስ? ስለዚህ የመሳፍንትን ባጃጅ ሜዳው መሃል አስቆመና እግሮቹን መቀመጫው ላይ ሰብስቦ ጉብ አለ።

"መንገደኛ ቢያይህ አሞሃል ብሎ ጠበል ይወስድሃል" አለ መሳፍንት።

መሣሪያዋን አውልቆ ሞከረ፤ ከዐሥር ዘጠኙን ሳተ። ለጥፎ ሞከረ፤ ከዐሥር ስምንቱን አገኘ። ቁጥሮቹን ማስታወሻው ላይ ጽፎ ረጅም ጊዜ አያቸው። የሚሰማው ጆሮው ነው።

ጥር ሃያ ደረሰ። ውዴ ከዳንግላ በሚኒባስ መጣች። ወፈር ያለ ጥጥ የጠቀጠቀችበት ሻሽ ራሱ ላይ አጥብቃ አሰረችለት፤ ጋሼ አስማረም ዘንግ ከትከሻ በላይ የወረወረ ከማኅበሩ እንደሚባረር አስታወቁ። እንየው የአባቱን ጋሻ ይዞ ዳማው ላይ ወጣ።

እንግዲህ መሳፍንት ለጓደኛው መልካም የሠራ መስሎት ነበር። ለፈረሰኞቹ ሁሉ "ልጁ ይስማ፣ እርዱት" ብሎ አስነግሯል። ፈረሰኞቹም አልሰሰቱም፤ ያለ የሌለ ቃጭል በየፈረሱ አንገት ላይ አንጠልጥለው መጡ።

እንየው ዳማውን ሲለቅ ከኋላ የመጣው ኮቴ አልነበረም። ሰማይ የሚያህል ቆርቆሮ የተቀደደ መሰለው። ምቱን በዚያ ውስጥ ቢፈልግ አጣው። ጋሻውን በግምት አነሣ፤ ዘንጉ ጀርባው ላይ አረፈ። እንደገና ለቀቀ፤ እንደገና አረፈ።

ጋሼ አስማረ ቀረብ ብለው እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አኖሩ። "በቃ ልጄ። ሞክረሃል። አባትህም አያፍሩብህም።"

እንየው ከንፈራቸውን አንብቦ ተረዳቸው። እሺ ቢል ነገሩ በክብር ያልቃል። ማስታወሻው ላይ የጻፈው ቁጥር ትዝ አለው።

"ጋሼ፣ ቃጭሎቹን ያስወልቁልኝ።"

"ምን? እንድትሰማ ብለው እኮ ነው የጨመሩልህ!"

"አውቃለሁ፤ ያክብርልኝ። ግን ሲበዛ ለእኔ ድምፅ አይደለም፣ ጎርፍ ነው። የምፈልገው አንድ ኮቴ ብቻ ነው።"

ከጋላቢዎቹ አንዱ "ጉድ እኮ ነው! ስንጨምርለት ቀነሰ፣ ስንቀንስለት ሊጨምር!" ሲል ሳቁ ፈነዳ። መሳፍንት ግን አልሳቀም። ወርዶ የራሱን ፈረስ ቃጭል በጥርሱ ፈታ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ዳማው ለሦስተኛ ጊዜ ተለቀቀ። ነፋስ ሻሹ ላይ ይንሿሿል፤ ከነፋሱ በታች የዳማው ኮቴ አለ። ከዳማው ኮቴ መሃል ደግሞ ሌላ፣ ያልገጠመ ኮቴ ገባ። ቀረበ። ምቱ ጠበበ፤ ጋላቢው ሊወረውር እርካቡ ላይ ሲቆም የፈረሱ ምት አንዴ ተዛነፈ። አሁን! እንየው ጋሻውን ወደ ኋላ ወረወረው ማለት ይቻላል፤ ዘንጉ ጋሻው ላይ ቷ ብሎ ወደቀ።

ሁለተኛው መጣ፤ ቷ። መሳፍንት መጣ፤ ቷ።

እንየው የዳማውን ልጓም ሰብስቦ፣ ጀርባውን ለሕዝቡ እንደሰጠ ሲያስተነፍሰው፣ ከኋላው ቀስ ያለ ነገር ሰማ። የሚጋልብ አይደለም። ሰጋር ነው፤ ሦስቱን ረግጦ አራተኛውን የሚያዘገይ። ይህን ምት በልጅነቱ ከአባቱ ኋላ ተፈናጦ፣ ከጎናቸው ሲሰግር ስንት ጊዜ ሰምቶታል።

ሳይዞር ጋሻውን አነሣ። "ጋሼ አስማረ" አለ ጮክ ብሎ፣ "እርስዎ ነዎት። ያ ሰጋርዎ ዛሬም እግሩን ያዘገያል!"

አዛውንቱ ዘንጉን ሳይወረውሩ ዝቅ አደረጉ። እየሳቁ ከጎኑ መጥተው፣ ከንፈራቸውን እንዲያይ ፊታቸውን አዞሩለት። "ሌባ! በድብቅ ልመታህ ነበር እኮ። ሃያ ሦስት በማለዳ እንዳትቀር፤ በአባትህ ቦታ፣ ከእኔ ቀኝ ነህ።"

ሜዳው በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ጭብጨባውም፣ ጩኸቱም፣ እልልታውም ለእንየው አሁንም የሚፈስ ጠጠር ነው። ከጠጠሩ ሁሉ ግን አንዱ ቀጠን ያለ፣ የሚቸኩልና የማያባራ ነበር። ይህን ጠጠር መናኸሪያው ላይ ከሳቅ ጋር ሰምቶታል።

"ውዴ፣ በቃሽ! ጉሮሮሽ ይሰነጠቃል!" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።