ከላይ ወደ ታች

...ደግሞ ይኼኛው፣ ዝናብ ሲመጣ ይዘረጋል፣ ሲያባራ ታክሲ ውስጥ ይረሳል፣ አራት ባዶ ሳጥን፣ በእርሳሷ ጫፍ ትቆጥራለች፣ ጃንጥላ፣ ጃ፣ ን፣ ጥ፣ ላ፣ ልክክ አለ፣ ወይ ጉድ! አባቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለጋዜጣ የቃላት እንቆቅልሽ ሲያዘጋጅ እሷ አንዱን እንኳ ሞክራ አታውቅም፣ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ስትል ነበር፣ ዛሬ አጠገቡ ቁጭ ብላ የድሮ ጋዜጣውን ጭኑ ላይ ዘርግታለች። የጀማሪዎችን እንቆቅልሽ።

አባባ አይናገርም። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ሰባት ሳምንቱ ነው፣ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል፣ ዓይናቸው ያያል እንጂ አእምሯቸው አይከተልም፣ ተስፋ ባታደርጉ ይሻላል፣ ወንድሟ ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት አግኝቶለታል፣ ዛሬ እሺ ካላልሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ እሺ ማለቱም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ ወገቧ ተቆርጧል፣ ግን እዚያ ውስጥ ካለስ? እየሰማ ቢሆንስ?

የመጨረሻው። የደከመው የሚወድቅበት፣ ሦስት ሳጥን፣ ይኼማ ቀላል ነው፣ አልጋ! ጨረስኩ አባባ፣ ጎበዝ በለኛ። ገጹን ልትገልጥ ስትል ደህናው እጁ ጋዜጣው ላይ ዱብ ይላል፣ ዝም ብሎ ይንቀሳቀሳል ብሏል ሐኪሙ፣ አንስታ ወደ ጎን ታደርግለታለች፣ ተመልሶ ይመጣል፣ እንዴ፣ ምን ሆነሃል፣ ጣቱ ይሳባል፣ የመጀመሪያው መልስ ላይ ይደርሳል፣ ደብዳቤ፣ ደ ላይ ያርፋል፣ ይወርዳል፣ ጃ፣ ይወርዳል፣ አ። እዚያ ይቆማል። በጥፍሩ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ደ፣ ጃ፣ አ። ምንድነው እሱ? ደጃ... ቁልቁል! የመልሶቹ የመጀመሪያ ፊደሎች ቁልቁል ሲነበቡ ሌላ ቃል ናቸው፣ ለካ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ለካ አንዱ መልስ ሌላውን ይጠብቀዋል፣ ደጃፍ፣ ፍ ነው የጎደለው፣ የደከመው የሚወድቅበት፣ በፍ የሚጀምር፣ ፍራሽ! ሰውነቷን ውርር ያደርጋታል፣ ላጲሱ የታለ፣ ያ ጭንቅላት፣ ሦስት ተራ ቃል ደርድሮ በጠርዛቸው አራተኛውን የደበቀው ጭንቅላት፣ ይኼው ትራሱ ላይ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ሰባት ሳምንት አጠገቧ ተቀምጦ፣ ፈጣሪዬ፣ ስህተቷን አየው እኮ፣ አይቶ ዝም አላለም፣ እንደ ልጅነቷ የቤት ሥራ እያረመላት ነው፣ ሊያስለቅሳት ነው፣ ደግሞ ትፈራዋለች፣ እንዴት ያለ ነገር ነው ሰው ማለት!

አባባ፣ አለህ?

አልጋን ታጠፋለች፣ ፍራሽ ብላ ትጽፋለች። ጣቱ አንዴ ከላይ እስከ ታች ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ እጁን ያነሳል፣ በይ ግለጪ እንደማለት።

ስልኳ ይጮሃል፣ ወንድሟ ነው፣ እና፣ ምን ወሰንሽ፣ ሰዎቹ እኮ መልስ እየጠበቁ ነው፣ እሺ ልበላቸው? አትበላቸው፣ ትላለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በል አሁን ዝጋው፣ አባባ ሥራ ላይ ነው።