ደህና ነኝ፣ ይመስገን

ዘመናይ ጠዋት ተነሥታ ለለቅሶ ያደሩትን ሰዎች ፍራሽ አጣጠፈች፤ ከጎረቤት የተዋሰቻቸውን ወንበሮች በግድግዳው ጥግ ደረደረች፤ ሻይ ጣደች። ከመስኮቱ ሥር የሮማው የቲቡርቲና ሰፈር አውቶቡሶች እንደ ወትሮው ይንጫጫሉ። ባሏ ጥበቡ ከተቀበረ ወዲህ ቤቱ ከለቀስተኛ ተለይቶ አያውቅም። እሷ ግን ሰው ፊት አላለቀሰችም።

ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ነውና ሴቶቹ ግር ብለው ገቡ። አብዛኞቹን ጥበቡ ለጥናቱ አነጋግሯቸዋል። የጣልያን አሮጊቶችን የሚጦሩ ሀበሾች ሲታመሙ ለምን ሐኪም ቤት እንደማይሄዱ ነበር የሚያጠናው። አንድ በአንድ፣ በር ዘግቶ ጠየቃቸው። ሁሉም «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ብለው ወጡ።

«አንድ ላይ አስቀምጣቸው» ትለው ነበር ዘመናይ። እሷም የጤና ጥናት ተምራለች።

«ይተፋፈራሉ። የገላ ነገር በጉባኤ ይወራል እንዴ?»

«ሀበሻ ብቻውን ሲጠየቅ ምንጊዜም ደህና ነው፣ አንተ ሰው!»

ሲከራከሩ እራቱ ይቀዘቅዝ ነበር። አንዳቸውም ሳይረቱ የእሱ ልብ ቆመ። ጥናቱን የሚያሠራው ተቋምም የረባ መልስ ካልተገኘ ጥናቱን በወሩ መጨረሻ እዘጋለሁ ብሏል።

እትዬ የሺወርቅ ሊቀመጡ ሲያጎነብሱ አቃሰቱ።

«ምነው እትዬ?» አለች አጠገባቸው ያለችው አምለሰት።

«ወገቤ ነዋ! ሲኞራዬን ከአልጋ ሳነሣ ተቆረጠ።»

«ታዲያ አይታከሙም?»

«አሎራ፣ እንግዲህ ታምሜአለሁ ብል በነጋታው ሌላ ትቀጥራለች። ሥራው ከሄደ ፔርሜሶዬስ፣ የመኖሪያ ፈቃዴስ?»

«እኔስ ለዚሁ አይደል፣ እጄ ሲደነዝዝ ዝም ያልኩት!» አለች አምለሰት።

ሌላዋ ተቀበለች፤ ሦስተኛዋ ከአፏ ነጠቀቻት። ወሬው ተቀጣጠለ።

ዘመናይ የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠች። ጥበቡ ደጅ የጠናበት መልስ ሳሎኗ ውስጥ ይንጫጫል።

«ለጥበቡ ለምን አልነገራችሁትም?» አለች።

«ነፍሱን ይማረውና፣ በሩን ሲዘጋው ፖሊስ መሰለኛ!» አሉ እትዬ የሺወርቅ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ሁሉም አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«ሳቁ፣ ግድ የለም» አለች ዘመናይ። «ለጥናቱ ልጻፈው? ስም አይገባም። የማትፈልግ ካለች የሷን እተወዋለሁ።»

ሴቶቹ ተያዩ።

«የሲኞራዬ ስም ከገባ ግን» አሉ እትዬ የሺወርቅ፣ «ለቅሶው ለኔ ይሆናል! ጻፊው ልጄ። እኛም ደህና ነኝ ማለቱ ሰልችቶናል።»

ሌሎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ እሺ አሉ። ዘመናይ ብድግ ብላ እየሮጠች የመኝታ ቤቱን በር ከፈተች።

«አላልኩህም?» አለች።

አልጋው እንደተነጠፈ ነው። የሚከራከራት ሰው አልነበረም።