አሥር ከአሥር

መኪናዋ ኩርባው ላይ ሳተችና ተገለበጠች። ቴሌቪዥኑ እንደ ትንኝ አፏጨ። ሐዲስ መሪ የተባለችውን ዱላ ለቆ ላብ ያጠመቀው መዳፉን በሱሪው ጠረገ።

«አሁንም ገደል ገባች» አለች ሰሊማ፣ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፍና።

ሐዲስም ሳቀ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ከናዝሬት እስከ አሰላ ያለውን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ሰሌዳ ላይ ይስላል። እዚህች መስታወት ውስጥ ግን አንዲት ኩርባ አላሳልፍ ብላዋለች። ከኋላው አግዳሚው ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደአማኑኤል እና የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ ጓድ መሰለች ሻያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሦስቱ ገምጋሚዎች ናቸው። የሰሊማ ሻይ ቤት በር ለግምገማው ተብሎ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

ማሽኑን ያመጣው የሰሊማ ወንድም አብዱናሲር ነው። በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፤ አሰብ ላይ ከአንድ መርከበኛ ገዝቶ፣ ሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ሸጉጦ ለእህቱ አመጣላት። አንዲት ጥቁር ሣጥን ናት፤ ከቴሌቪዥን ጋር ትገናኛለች፤ ካሴት ሲለወጥላት ጨዋታ ትለውጣለች። አንዱ አውሮፕላን፣ አንዱ ቴኒስ፣ አንዱ መኪና። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዝንብ ብቻ የሚገባበት የሰሊማ ሻይ ቤት፣ በአንድ ወር ውስጥ የአውቶቡስ ተራን ወጣት ሁሉ ጠራርጎ ሰበሰበ። ወጣት ከተሰበሰበ ደግሞ ቀበሌ አይቀርም። ለሕዝብ የሚታይ ነገር ሁሉ፣ ቲያትርም ይሁን ፊልም፣ አስቀድሞ ተገምግሞ ነጥብ ይሰጠዋል ተባለ። ነጥቡ ካነሰ ቤቱ ይዘጋል፣ ማሽኑ ይወረሳል።

ችግሩ፣ ቀበሌው እንዲህ ያለ ነገር ገምግሞ አያውቅም። ስለዚህ የቲያትሩን መመዘኛ አመጡ። የሰፊው ሕዝብ ትግል እንዴት ተንጸባረቀ? የገጸ ባሕርያቱ የመደብ አቋም ምንድን ነው? ሁለት መስመሮች አንዲት ነጥብ የሚለጉበት ቴኒስ ላይ ሲደርሱ ጓድ መሰለች ከልቧ ተጨንቃ፣ ከሁለቱ መስመሮች ጭቁኑ የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ ግራ በኩል ያለው ነው ብሎ ወሰነ። ሐዲስ ሳቁን ከሻዩ ጋር ዋጠው። አውሮፕላኑ፣ ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ ስላልታወቀ፣ ወደቀ። የቀረው መኪናው ነበር።

«ይሄ ሾፌር ግን የት ነው የሚሄደው?» አለች መሰለች።

«የትም» አለ ሐዲስ። «መንገዱ ማለቂያ የለውም። እስኪገለበጥ ይነዳል።»

«አይደርስም?»

«አይደርስም።»

መሰለች ከንፈሯን መጠጠች። እሷ ያዘነችው ለሾፌሩ ነው።

ሐዲስ ግን ጨዋታውን ወዶታል። በልቡ ስድስት ሰጥቶታል፤ ስድስት ከሐዲስ እጅ ሲወጣ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ ግራሩ ሥር፣ የግድግዳ ጋዜጣ አለ። ሐዲስ የኪነት ቡድኑን ቲያትርና ሲኒማ ቤት የገባውን ፊልም እያየ እዚያ ይጽፋል፤ መጨረሻው ላይ ከአሥር ነጥብ ያስቀምጣል። ተማሪው እሱ የጻፈውን ሳያነብ ትኬት አይቆርጥም። ንፉግ ነው፤ ለምርጡ ፊልም የሰጠው ሰባት ነው። ለፈተናም እንደዚያው። «አሥር የመጽሐፉ ነው፣ ዘጠኝ የእኔ ነው፣ ከዚያ በታች ያለውን ተካፈሉ» ይላቸዋል በየዓመቱ መጀመሪያ። ከደራ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ገመቹ፣ የክፍሉ አንደኛ፣ በአንድ ካርታ ስምንት ተኩል ያገኘ ቀን ለጓደኞቹ ፓስቲ ጋብዟል።

ግምገማው ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ሐዲስን ክንዱን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደው። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን እያነሳ አጥሩ ላይ ይደፋዋል።

«ለመኪናው ስንት ልትሰጠው ነው?»

«ስድስት።»

«ዘጠኝ አድርገው።»

ሐዲስ ሳቀ። «ዘጠኝ ሰጥቼ እንደማላውቅ ታውቃለህ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ለዚህ እኮ ነው ዘጠኝ የምፈልገው።»

ከዚያ ወልደአማኑኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረው። እሁድ ማሽኑ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ይወሰዳል። ለወጣቶች በነጻ ይታያል። አዳራሹ ሲሞላ በሩ ይዘጋል፤ በጓሮ በኩል የሠራዊቱ መኪኖች ይጠብቃሉ።

«የብሔራዊ ውትድርናው ኮታ አልሞላም» አለ። «በር ለበር ስንሄድ ልጆቹ በአጥር ይዘላሉ፣ እናቶች ደረታቸውን ይመታሉ። በራሳቸው እግር ቢመጡ ለሁሉም ይቀላል። አንተ ጥሩ ነው ካልክ ደግሞ ይመጣሉ።»

«ተማሪዎቼ ናቸው» አለ ሐዲስ።

«የኔስ ልጅ የማን ተማሪ ነው? ኮታው ካልሞላ ከላይ ያሉት የሚያዩት የኔን በር ነው።» የወልደአማኑኤል ዓይን እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ ሰው ዓይን ነበር። ሐዲስ ሊጠላው ፈልጎ እንኳ አልሆነለትም።

«ባልጽፍስ?»

«ሌላ ሰው ይጽፋል። ማሽኑ ይወረሳል። ሰሊማ ያልተፈቀደ ነገር ስታሳይ ኖራለችና ትጠየቃለች።» አቧራውን ከኮቱ አራገፈ። «የአንተን አልነግርህም። አታጣውም።»

ሐዲስ ቦርሳውን ሊያነሳ ወደ ውስጥ ሲመለስ ሰሊማ ቦምቦሊኖ በሳህን ይዛ ጠበቀችው። ፊቷ በርቷል። ሊቀመንበሩ ወሬውን ቀድሞ አድርሷታል፤ ዘጠኝ ካገኘች ፈቃዷ በማግስቱ ይጻፍላታል ብሏታል።

«አላህ ያክብርልኝ፣ መምህር» አለችው። «ሰው ሁሉ ሞተች ሲለኝ እርስዎ አነሱኝ።»

ሐዲስ ቦምቦሊኖውን ተቀበለ። ሊነግራት አፉን ከፈተ፣ መልሶም ዘጋው። ሰሊማ ደግ ሴት ናት፤ ነገር የምትቋጥርበት ጨርቅ ግን የላትም። አሁን ቢነግራት ምሳ ሳይቀርብ አውቶቡስ ተራ ይደርሳል፣ ከማን እንደወጣም ይታወቃል። ለእሷም አይበጃት፣ ለሱም። ክፍል ገብቶ ለተማሪዎቹ ቢናገርስ? በየክፍሉ ጆሮ ተቀምጧል፤ ባለፈው ዓመት ስለ ግንባር አንድ ቃል ያመለጠው የታሪክ አስተማሪ እስካሁን የት እንዳለ ሚስቱ አታውቅም። ሐዲስ ቦምቦሊኖውን ሳይቀምስ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ወጣ።

ቀበሌው ቢሮ ውስጥ ሰፊውን ወረቀት ዘርግተው ቀዩን ብዕር ሰጡት። ወልደአማኑኤል ራስጌው ቆመ። ሐዲስ ጻፈ። የመንገዱን ኩርባ፣ የመኪናዋን ፍጥነት፣ የተጫዋቹን ንቃት አወደሰ። የእጁ ጽሕፈት ከወትሮው ይልቅ አማረ፤ በዚህም ራሱን ታዘበ። እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በነጻ፣ በቀበሌው አዳራሽ ብሎ ጨመረ። ነጥቡ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ዘጠኝ ቢጽፍ ያምኑታል። አስተማሪያችን እንዲህ ያለ ነጥብ የሰጡት ምን ቢያዩ ነው ብለው ገመቹም ሌሎቹም ይጎርፋሉ። ስድስት ቢጽፍ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ሰሊማም አብራ ትቀደዳለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የሐዲስ እጅ ከሐሳቡ ቀድሞ ሄደ። አሥር ከአሥር ብሎ ጻፈ።

«ዘጠኝ ነው ያልኩህ» አለ ወልደአማኑኤል።

«ያንስበታል» አለ ሐዲስ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አየ፣ ሐዲስን አየ፣ ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ማኅተም አሳርፎበት እንዲለጠፍ አዘዘ። የሚያውቁኝ ያውቁታል፣ አለ ሐዲስ ለራሱ። አሥር የመጽሐፉ ነው፤ ከኔ እጅ መቼ አይተውት ያውቃሉ?

የጠዋቱ ፈረቃ ሲለቀቅ ሐዲስ ከግራሩ ሥር ነበር። ሚስቱ ዘርፉ ምሳ አቅርባ እንደምትጠብቀው ያውቃል፤ እግሩ ግን አልነቀል አለ። ከሰሌዳው አጠገብ አብዮት ጠባቂው ገርባ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌ ነው፤ ብዙ አይናገርም። የሚሰማውን ግን ማታ ማታ ለሊቀመንበሩ እንደሚያደርስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ገመቹ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ደብተሩን ብብቱ ሥር እንደያዘ አነበበ፤ መጀመሪያ ፈገግ አለ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ፈገግታው ቆመ። እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበ። ከዚያ ዞሮ በዓይኑ ሐዲስን ፈለገው። ሐዲስ ፊቱን ድንጋይ አድርጎ አየው፤ ራሱን አልነቀነቀም፣ አልጠቀሰም። ፈተና ላይ ሲያዩት እንደሚቆመው ቆመ።

«የደራ አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አለ ገመቹ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ።

«ዛሬ? እሁድ ይሄን ሳናይ?»

«እናቴ አሟታል። እናንተም አብራችሁኝ ኑ፣ መንገድ ላይ አጫውታችኋለሁ።»

ልጆቹ እየተከራከሩ ሄዱ፤ በር ላይ ሲደርሱ ግን ክርክሩ ቆመ። አንደኛው ወደ ኋላ ዞሮ ሰሌዳውን አየና እርምጃውን አፈጠነ። ሐዲስ ደስ አለው፤ የሚያለቅስ እስኪመስለው ድረስ ደስ አለው። ሌሎች ተማሪዎችም መጡ፤ አነበቡ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ተበተኑ። አስተምሬያቸዋለሁ፣ አለ በልቡ።

ደስታው ግን ዕድሜ አላገኘም። ጥላ ፍለጋ የመጡ ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን አጥሩ ጥግ አሰሩ። ጉተማ የሚባለው፣ ሪዙ ገና ያልጠነከረው፣ ገርባን «አካም ጅርታ» ብሎ ሰላም አለና ወደ ሰሌዳው ተጠጋ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ነው፤ ጣቱን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለጓደኞቹ አነበበላቸው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ በደስታ ዘለለ።

«አሥር ከአሥር ነው የሰጡት። በነጻ ነው ደግሞ።»

ባለጋሪዎቹ ተንጫጩ። አንዱ ሸሚዜን ነገ አጥባለሁ አለ። ሌላው ከፊት ለመቀመጥ በሌሊት እንምጣ አለ። ፈረሶቹን ማን ይጠብቅ በሚለው ላይ ደግሞ ዕጣ ሊጣጣሉ ጠጠር ለቀሙ።

ሐዲስ የእነዚህን ወረቀት አርሞ አያውቅም። ንፍገቱን ከየት ያውቁታል? ለእነሱ አሥር አሥር ነው። ለሚያውቁት የሰወረው ማስጠንቀቂያ ለማያውቁት ግብዣ ሆኗል። ቢታፈሱ ደግሞ የምትጮህላቸው እናት እዚህ ከተማ ውስጥ የሌለቻቸው እነዚህ ናቸው። ወልደአማኑኤልም ከዚህ የሚበልጥ አይመኝም። አሥሩን የጻፈ ጊዜ አንዳቸውም ትዝ አላሉትም፤ በየቀኑ የሚሳፈረው በእነሱ ጋሪ ነው።

ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየው። መቅደድ አይችልም። መሰረዝ አይችልም። የቀበሌው ማኅተም ከነጥቡ አጠገብ ሰማያዊ ሆኖ ተቀምጧል።

«ቲቸር» አለ ጉተማ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ወደሱ እየተጠጋ። «የጻፉት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እውነት እንደዚህ ያምራል?»

ሐዲስ ወደ ገርባ ተመለከተ። ሽማግሌውም እሱን እያየው ነው። የዘርፉን ምሳ አሰበ። የታሪክ አስተማሪውን ሚስት አሰበ፤ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ሄዳ ስንቁን ይዛ የምትመለሰውን። እዩት ብሎ መሄድ ይችላል። አንዲት ቃል ናት፤ ማንም በሷ አይወቅሰውም።

«ዋሽቻለሁ» አለ።

ጉተማ የሰማውን ያልሰማ መስሎት ፈገግ እንዳለ ቀረ።

«ስድስት ነው የሚገባው። አሥር ያልኩት ውሸት ነው። እሁድ እዚህ እንዳትመጡ። ጋሪያችሁን ይዛችሁ ከከተማ ውጡ፣ ለሌሎቹም ንገሯቸው።»

ጠጠር የያዘው ልጅ እጁን ዘረጋና ጠጠሮቹን መሬት ላይ ለቀቃቸው። ከሐዲስ ኋላ የገርባ ጠመንጃ ማንገቻ ሲንቋቋ ተሰማ፤ ሽማግሌው ከድንጋዩ እየተነሳ ነበር። ሐዲስ ዞሮ አላየም። ሌሎች ሁለት ጋሪዎች ወደ ግቢው ሲገቡ ስላየ፣ እስኪደርሱ ድረስ እዚያው ሰሌዳው አጠገብ ቆመ።