እንዲህ የሚያለቅስ ሰው የለም

አራተኛው ሚስማር ከራሱ በላይ ሲመታ ኡዞንዱ ሣጥኑ ውስጥ ተጋድሞ ፈገግ አለ። ሚስማሩ የራሱ ሐሳብ ነው። እዚህ ያስተኛውም ጠላት አይደለም፤ የገዛ ምላሱ ነው።

ኡዞንዱ አሳባ ከተማ ውስጥ የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ ይሸጣል። ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ግን አሳባ ፊልም የማይቀረጽበት ግቢ የሌላት ከተማ ስለሆነች፣ ፊልም ሠሪውም ተመልካቹም የሚላጨው አንድ ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የአዙካ ፀጉር ቤት ጢም ብሎ የሚሞላው ለመላጨት ብቻ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን በአራት ቀን ተሠርቶ ያለቀ ፊልም ሲያሳይ፣ ኡዞንዱ ከሥር ከሥሩ ሲያብጠለጥል ለመስማት ነው።

«እዩት፣ እዩት! ሬሳው ተነፈሰ!» ይላል። «ጠንቋዩ ደግሞ ሰዓት አስሯል። ቀጠሮ አለበት መሰለኝ።»

ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

«ሣጥኑንስ አያችሁት? አራት ሰው እንደ ባዶ ቅርጫት ያወዛውዘዋል። ክዳኑ ላይ አንድ ሚስማር እንኳ የለም! ግድግዳ ላይ የለጠፉት የሐዘን ማስታወቂያ ደግሞ የሌላ ሰው ፎቶ ነው። ሟቹ ራሱ ቢያየው ‹ማን ሞተ?› ብሎ ይጠይቃል።»

ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ግን ለቅሶውን ነበር። የሟች ሚስት የራስ መሸፈኛዋን ጥላ፣ ሣጥኑ ላይ ተወርውራ፣ አፈር ላይ ስትንከባለል ሲያይ ትዕግሥቱ ያልቃል። «ይቺን ሴትዮ ዝም አስብሉልኝ! እንዲህ የሚያለቅስ ሰው የለም!»

አንድ ቅዳሜ ተራውን ሲጠብቅ የነበረ ኤጂኬ የሚባል ዳይሬክተር ይህን ሁሉ ሰማ። ፊልሙ የእሱ ነበር። አልተቆጣም፤ ብልጥ ሰው ነው።

«ፓፓ ኤበሬ» አለው በልጁ ስም ጠርቶ፣ «ሁሉም ልክ ነው። እንግዲያው ና፣ አንተ ሙትልኝ። የማይተነፍስ ሬሳ አጥቻለሁ።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እምቢ ቢል በሚቀጥለው ቅዳሜ በየትኛው አፉ ሊናገር ነው? እሺ አለ።

ለሚስቱ ለአዳኩ አልነገራትም። በቁሙ ሣጥን ውስጥ የተኛ ሰው ሞትን በስሙ ጠራው ብላ የምታምን ሴት ናት፤ እነሱ ሰፈር ይህን የማያምን ቢፈለግም አይገኝ። በዚያ ላይ ደም ግፊት አለባት። ባለፈው የዝናብ ወቅት ራሷን ስታ ወድቃ ሐኪሙ «ድንጋጤ ይገድላታል፣ ጠብቃት» ብሎት ነበር። ስለዚህ ኡዞንዱ ዕቃ ሊያመጣ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ኦኒቻ ከተማ እንደሚሻገር ነግሯት ጠዋት ወጣ፤ እሷም የደረቀ ዓሣዋን ይዛ ገበያ ሄደች።

ኤጂኬ የተባለውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር አደረገ። ሣጥኑ ጠንካራ እንጨት፣ ሚስማሩ እውነተኛ፣ በግቢው ውስጥ የተቆፈረውም ጉድጓድ እውነተኛ ነው። ከእግር በኩል ለአየር ሦስት ቀዳዳ በስቶለታል። «አምስት ደቂቃ ነው» አለው። አንድ ነገር ብቻ ሳይነግረው ቀረ። ከአዙካ ቤት ግድግዳ ላይ ፎቶውን ወስዶ፣ ነገሩ እውነት እንዲመስል ከነሙሉ ስሙና ከነዕድሜው የሐዘን ማስታወቂያ አሳትሞ፣ ከግቢው በር እስከ ዋናው መንገድ ለጥፎታል።

ተሸካሚዎቹ ሲያነሱት ኡዞንዱ ሲያቃስቱ ሰማና ደስ አለው። አሁን ገና ሸክም መሰለ። ጡሩምባው እየተነፋ ሄዱ፤ ከጉድጓዱ አፋፍም አሳረፉት። ያን ጊዜ ከእግሩ በኩል ይታይ የነበረው ብርሃን ድርግም አለ። ሣጥኑን ከጉድጓዱ በወጣው አፈር ላይ አስጠግተውት፣ ሦስቱም ቀዳዳ ተደፍኗል።

መጀመሪያ አልገባውም። ሙቀቱ ብቻ ጨመረ። ክርኑን ሊያጥፍ ሞከረ፤ ጎኖቹ አላላውስ አሉት። ክዳኑን በጉልበቱ ገፋ፤ ሚስማሮቹ አልሰሙትም። አንኳኳ፤ ጡሩምባው ዋጠው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፣ እጁ ግን ፊቱ ድረስ አልደርስ አለ። ስንቱን ሬሳ ተነፈስክ ብሎ አሳቅቋል። አሁን አንድ ሙሉ ትንፋሽ ፈልጎ አጣ።

በዚህ መሃል ከሩቅ የሴት ጩኸት መጣ። ‹ይቺ ደግሞ አበዛችው› አለ በልቡ። እየቀረበች መጣች። የጡሩምባ ነፊዎቹ ግራ ተጋብተው ዝም አሉ።

«ኡዞንዱ! ኡዞንዱ! ኡዞንዱ ሆይ!»

በፊልሙ ውስጥ የሟቹ ስም ኡዞንዱ አይደለም።

አንድ ነገር በሙሉ ክብደቱ ሣጥኑ ላይ ወደቀና ክዳኑ አፍንጫው አጠገብ ሲጥ አለ። አዳኩ ናት። ገበያ ውስጥ አጠገቧ የምትሸጥ ጎረቤቷ በመንገድ ስታልፍ ማስታወቂያውን አይታ፣ እየሮጠች ሄዳ ነግራት ነው።

«ኦኒቻ ነው ያልከኝ! እኔን ኦኒቻ ብለህ እዚህ መጣህ? ሾርባህን ከድኜ ነው የወጣሁት! ማን ይብላው? ንገረኝ፣ ማን ይብላው? ከእንግዲህ ማን ነው የሚያናድደኝ?» መሬቱን ስትደበድብ፣ ስትንከባለል፣ ተመልሳ ሣጥኑ ላይ ስትወድቅ ይሰማዋል። አብረው ሃያ ሁለት ዓመት ሲኖሩ ይህን ድምፅ ከእሷ ሰምቶ አያውቅም።

ኤጂኬ አዳኩን አያውቃትም። «ይቺን ማን ቀጠራት?» ሲል ሰማው። «ድንቅ ናት! ካሜራውን እንዳታቆሙ! ቅረቡ፣ ፊቷን ያዙ!»

ኡዞንዱ ሊጮህ አፉን ከፈተና ፈራ። ሬሳ ከሣጥን ውስጥ ቢጮህባት ልቧ እዚያው ቀጥ ይላል። ዝም ቢል ደግሞ የእሱ ትንፋሽ እያለቀ ነው፤ ጆሮው ይጮኻል፣ ጨለማው ውስጥ ቢጫ ነገር ይታየዋል። እሷን ይግደል ወይስ እሱ ይሙት? እግዚአብሔርን ለመነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ። የቀረችውን ትንፋሽ ሰበሰበና፣ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ተጋድሞ በሚነጫነጭበት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ማማ ኤበሬ። ይቺን ሴትዮ ዝም አስብሉልኝ። እንዲህ የሚያለቅስ ሰው የለም።»

ለቅሶው ተቆረጠ። የተቀጠሩት ለቀስተኞች ወንበር እየገለበጡ ሲሸሹ ተሰማ። አንድ ተሸካሚ የኢየሱስን ስም እየጠራ አጥሩን ዘለለ። እሷ ብቻ አልተነሳችም።

«ፓፓ ኤበሬ?»

«እኔ ነኝ። አልሞትኩም፣ ፊልም ነው። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።» የሚተነፍሰው አየር ያጣ ሰው እሷን ተንፍሺ ይላል። «ቀስ ብለሽ። ከዚያ ክፈቺልኝ።»

ሌላ ሴት ብትሆን መንፈስ ነው ብላ ትበር ነበር። አዳኩ ግን ሞቶም ቢሆን እንዲህ የሚነጫነጭ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ታውቃለች። ከጉድጓዱ አፍ ዶማ አንስታ የክዳኑን ጠርዝ ፈለቀቀችው።

ብርሃን ገባ። ከብርሃኑ መሃል ያያት አዳኩ ራሷ ተገልጦ፣ ፀጉሯ አፈር ለብሶ፣ በአንድ እግር ጫማ ብቻ ቆማ ነበር። ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ። አልመታችውም። የወደቀ ራስ መሸፈኛዋን አንስታ ላቡን ጠረገችለት፤ ከዚያ አፈሩ ላይ ተቀመጠችና ለረጅም ጊዜ መነሳት አቃታት።

ወደ ቤት ሲሄዱ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ያንን ለቅሶ ማንም ሰው እንዳያየው። ላንተ ነው ያለቀስኩት።»

ኡዞንዱ በማግስቱ ኤጂኬ ዘንድ ሄዶ የአዳኩን ለቅሶ ከፊልሙ እንዲያወጣ ለመነው። «እውነተኛ ነገር አምጡ ያልከው አንተ አይደለህ?» አለው ኤጂኬ። በኋላ ግን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «እሺ፣ ቆርጬ አወጣዋለሁ» አለ። ኡዞንዱም አመነው፤ ለአዳኩም ነገራት።

ሦስት ወር ሳይሞላ፣ አንድ ቅዳሜ አዙካ ቤት ራሱን አጎንብሶ ሲላጭ፣ የሚያውቀውን ጡሩምባ ሰማ። ቀና ሊል ሲል አዙካ በመዳፉ ተጫነው።

«እንዳትነቃነቅ፣ ምላጩ አንገትህ ላይ ነው።»

ዓይኑን ብቻ ወደ መስታወቱ አነሳ። ቴሌቪዥኑ ከኋላው መስታወቱ ውስጥ ይታያል። ሣጥኑ አለ፣ ጉድጓዱ አለ። አዳኩ እየሮጠች መጣችና ተወረወረች። ፊቷ በአፈርና በእንባ ተለውሶ ከእሱ በቀር ማንም አላወቃትም። መጮህ ፈለገ፣ መነሳት ፈለገ፤ ምላጩ ቀዝቅዞ ማጅራቱ ላይ ተቀምጧል።

ተራ የሚጠብቅ አንድ ሾፌር ጭኑን እየመታ ሳቀ። «ይቺን ሴትዮ ዝም አስብሉልኝ!» አለ የኡዞንዱን አነጋገር እያስመሰለ። «እንዲህ የሚያለቅስ ሰው የለም!»

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰው ሁሉ ወደ ኡዞንዱ ዞሮ ጠበቀ።

«ፓፓ ኤበሬ፣ ምነው ዛሬ ዝም አልክ?»

«እንዲህ የምታለቅስ አለች» አለ ኡዞንዱ እንዳጎነበሰ። ከሳቁ የተነሳ ማንም አልሰማውም።