አሜን ሲባል የሚጨልም መነጽር

ሐዳሳ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ የኮምፒውተሩን ጀርባ በእጇ ስትዳስስ፣ ጋሽ ወልደየሱስ ጸሎት የጀመረች መስሏቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡ። እሳቸውን አይተው ሌሎቹ የኮሚቴ አባላትም ተነሡ።

"ኧረ ይቀመጡ ጋሽ፤ ገመዱን ነው" አለች ከሥር።

"ለገመዱስ ቢጸለይለት ምን አለበት?" አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። እትዬ ገነቴ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ሐዳሳ ግን ለሳቅ ጊዜ አልነበራትም። የሆሳዕና ከተማዋ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሕንፃ ኮሚቴ የአዲሱን የአምልኮ አዳራሽ ንድፍ የሚመርጠው ዛሬ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ የአዲስ አበባ ቢሮ በቀለም አሳትሞ የላከው፣ ፊቱ መስታወት ብቻ የሆነ ሕንፃ ተለጥፏል። ሁለተኛው ንድፍ የእሷ ነው። በዚህ ግቢ በሕፃናት መዘምራን ዘምራ አድጋ፣ ተምራ አርክቴክት ሆና፣ ወራት ሙሉ ከሥራ መልስ ስትስለው ከርማለች። ባለፈው ስብሰባ በወረቀት ብታሳያቸው "ጥሩ ነው፣ ብዙ መስመር አለው" ብለው ሸኟት። በእልህ ተቃጥላ ቤቷ ገባች። ወንድሟ ሆሴዕ ከደቡብ አፍሪካ ለጨዋታ ብሎ የላከላትን የቪአር መነጽር ያነሳችው በዚያ ምክንያት ነው። ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ፊቱ ላይ ያደረገው ሰው፣ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረውን አዳራሽ እንደተሠራ ቤት ገብቶ ያየዋል።

ያየዋል፣ ከሠራ ማለት ነው። ቤቷ ስትሞክረው እንከን አልነበረበትም። እዚህም መጀመሪያ ራሷ አድርጋው ስታይ በሩም፣ በረንዳውም፣ አግዳሚዎቹም በየቦታቸው ነበሩ። አውልቃ ለሰብሳቢው ለጋሽ ወልደየሱስ ሰጠቻቸው። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት፤ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ሥራ ያለ ጸሎት አይጀመርም" አሉ።

ስለሚገነቡት ጸለዩ፤ ስለሚቀመጡበት ጸለዩ፤ ስለ ጎረቤት ጊምቢቹ ከተማ በሽተኞች፣ ስለ መንገደኞች፣ ዝናቡም በወቅቱ እንዲሆን ጸለዩ። ከአሜን በኋላ መነጽሩን ፊታቸው ላይ አደረጉት።

"ጨለማ ነው፣ ልጄ።"

ኮምፒውተሩ ላይ "ግንኙነቱ ተቋርጧል" የሚል ጽሑፍ ወጥቷል። ጠረጴዛው ሥር የገባችው ለዚህ ነው። ገመዱን ነቅላ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካችው። መነጽሩን ራሷ ለበሰችው፤ ሠራ።

"እንግዲህ እንደ አዲስ መጀመራችን ነው" አሉ ጋሽ ወልደየሱስ፤ ኮፍያቸውንም እንደገና አወለቁ። ከአሜን በኋላ እንደገና ጨለማ ሆነ።

የኮሚቴው ጸሐፊ ሚክያስ እስክሪብቶውን በጣቱ እያሽከረከረ፣ "እህት ሐዳሳ፣ የአዲስ አበባው ሥዕል እኮ ሶኬት አይፈልግም" አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልዱ ግን ዒላማውን አልሳተም። ጆሮዋ ጋለ።

"ነቢይ በአገሩ አይከበርም የሚባለው እንዲህ ስለሚቸኮል ነው" አሉ እትዬ ገነቴ። "ተዋት፣ ትሥራበት።"

ሐዳሳ ፕሮግራሙን ዘግታ ከፈተች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳች። ሌላ ገመድ ከቦርሳዋ አውጥታ ቀየረች። በሥራዋ አታፍርም፤ አሳምራ እንደሠራችው ታውቃለች። የምታፍረው፣ ከእሷ በቀር ማንም ሳያየው ተጠቅልሎ ሊመለስ መሆኑ ነው። መነጽሩ ሦስተኛ ጊዜ ሠራላት። ጋሽ ወልደየሱስም ሦስተኛ ጊዜ ተቀበሏት፣ ጭናቸው ላይ አኖሩት፣ ጸሎት ጀመሩ።

በጸሎት መሃል ዓይን መግለጥ በልጅነቷ እናቷ ጭኗን የምትቆነጥጥበት ጥፋት ነበር። ዛሬ ገለጠች። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አረንጓዴ ምልክት አየችው። ጋሽ ወልደየሱስ ከግንበኞቹ አልፈው መንገደኞቹ ዘንድ ሲደርሱ ምልክቱ ጠፋ። ጭናቸው ላይ ያለው መነጽርም መብራቱ ጠፍቷል።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባት። ቦርሳዋ ውስጥ ፕላስተር አለ፤ መነጽሩ ውስጥ ያለችውን አንዲት ነጥብ ብትሸፍንበት ማንም ሳያውቅ ነገሩ ያልቃል። እጇ ወደ ቦርሳው ሄዶ ተመለሰ። ከልጅነቷ ጀምሮ ያከበረቻቸውን ሰው ተደብቃ ልታልፋቸው አልወደደችም።

"ጋሽ፣ ችግሩን አገኘሁት" አለች ከአሜን በኋላ። "መናገሩ ግን ይከብደኛል።"

"ተናገሪ።"

"ጸሎቱ ነው።"

የሚክያስ እስክሪብቶ ቆመ።

"ማለቴ… መነጽሩ ፊት ላይ መሆኑን የሚያውቅባት ትንሽ ሴንሰር አለችው። ሲያወልቁት 'ሰው የለም' ብሎ ይተኛል። ሲተኛ ከኮምፒውተሩ ጋር ይቋረጣል። እርስዎ ደግሞ አስቀምጠውት ነው የሚጸልዩት፤ ጸሎትዎም… ትንሽ ረዘም ይላል።"

እትዬ ገነቴ ነጠላቸውን ትተው ከት ብለው ሳቁ። "እኛ ስንት ዓመት ፈርተን ያልነገርንዎትን መነጽር ነገረዎት!"

ጋሽ ወልደየሱስ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። መነጽሩን አገላብጠው አዩት።

"ራሴን ሸፍኜ ጸልዬ አላውቅም" አሉ።

"አውቃለሁ፣ ጋሽ።"

"እንግዲያው አስተካክይልኝና እኔ ልልበሰው። አንቺ ጸልዪ።"

በዚህ ኮሚቴ ፊት በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው ጸሎት መርቶ አያውቅም። ሐዳሳ ግንኙነቱን መልሳ፣ መነጽሩን አጥብቃ አሰረችላቸውና ቆመች። "ጌታ ሆይ፣ ይህን ቤት አሳያቸው" አለች። "አሜን።"

ጋሽ ወልደየሱስ አንገታቸውን ወደ ጣሪያው ቀና አደረጉ። ከወንበራቸው ተነሡ፤ ከግድግዳው እንዳይጋጩ እትዬ ገነቴ ክንዳቸውን ያዙ።

"ምሰሶዎቹ የት አሉ?"

"መሃል ላይ ምሰሶ የለም፣ ጋሽ። ከኋላ የተቀመጠም ሰው ሰባኪውን ያያል።"

"ይሄስ? በረንዳ ነው?"

"ልጅ ያዘሉ እናቶች ዝናብ ሲመታቸው የሚጠለሉበት ነው። ከጊምቢቹ መንገድ በእግር የሚመጡት አሁን በር ላይ ነው የሚበሰብሱት።"

ሽማግሌው በረንዳው ላይ ቆመው፣ ከዝናብ እንደገባ ሰው ካፖርታቸውን አራገፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጀመሪያ በሀዲይኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ፣ "ይህን የሠራችው የእኛ ልጅ ናት!" አሉ። የሐዳሳ ዓይን እንባ ሞላ። ኮራች፤ መኩራቷንም ልትደብቀው አልሞከረችም።

ሌሎቹ ተራ ቢጠይቁም ጋሽ ወልደየሱስ መነጽሩን የሚለቁ አልሆኑም። የቀሩት እሳቸው የሚያዩትን በኮምፒውተሩ መስኮት እየተጋፉ አዩ፤ ሁሉም የእሷ ንድፍ እንዲሆን ተስማሙ። ሚክያስ ቃለ ጉባኤውን ሳበ።

"ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው" አላት። "ግን ንድፉን ለአዲስ አበባው ቢሮ እንስጠውና በእነሱ ስም ይውጣ። ለጋሾች ያውቋቸዋል። አንቺን ረዳት ብለን እንጽፋለን።"

"ፈቃድ አለኝ፣ ወንድም ሚክያስ። ማኅተምም አለኝ።"

"አላጣሁትም። ስም ግን…"

ሐዳሳ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብላ ገመዱን ከመሰኪያው ላይ ያዘች። "በስሜ ካልሆነ ንድፉ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል" አለች።

"ሚክያስ!" አሉ ጋሽ ወልደየሱስ ፊታቸውን ወደ ባዶው ግድግዳ አዙረው። "የልጅቱን ስም ጻፍ። ገና መድረኩን አላየሁም።"

ሚክያስ ፈገግ ብሎ አቀረቀረ፤ መጻፍም ጀመረ። ሐዳሳ ግን "ሐዳሳ ዕንባቆም" ብሎ እስከ አባቷ ስም እስኪጨርስ ድረስ እጇን ከገመዱ ላይ አላነሳችም።